ሜጋትሮን ሽጉጥ ሆኖ በከዳተኛ ምክትሉ እጅ የሚገባው ለምንድን ነው? የ1984ቱን የሮቦት ካርቱን መክፈቻ እንፈትሸው

የካሴት ዘመን (ጠያቂ)፦

ውድ የመድረኩ ታዳሚዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። «ትራንስፎርመርስ» የተሰኘው የሮቦት ካርቱን በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1984፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 7 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። «ሞር ዛን ሚትስ ዚ አይ» የተባለው መክፈቻው በሦስት ተከታታይ ቀናት የቀረበ ባለ ሦስት ክፍል ታሪክ ሲሆን፣ ሰሞኑን ሦስቱንም ክፍሎች በጥሞና ደግሜ ተመልክቻቸዋለሁ። ይህን ካርቱን ከልቤ እወደዋለሁ። ስለምወደውም ስንጥቆቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ ከልቤ እስቃለሁ፤ እናንተም ስንጥቆቹ ከየት እንደመጡ እንድታስረዱኝ እፈልጋለሁ።

ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ሳይበርትሮን በተባለች ሁለንተናዋ ብረት በሆነች ፕላኔት ላይ በኦፕቲመስ ፕራይም የሚመሩት አውቶቦቶችና በሜጋትሮን የሚመሩት ዲሴፕቲኮኖች ለዘመናት ሲዋጉ ኖረዋል። የፕላኔቷ ኃይል ሊሟጠጥ በመቃረቡ አውቶቦቶቹ አዲስ የኃይል ምንጭ ፍለጋ በመርከብ ይነሣሉ፤ ዲሴፕቲኮኖቹም ተከትለው በጉዞ ላይ ሳሉ ይወርሯቸዋል። በውጊያው መሐል መርከቧ ወደ ምድር ወድቃ ከአንድ ተራራ ጋር ትላተማለች፤ የተሳፈሩት ሁሉ ለ4 ሚሊዮን ዓመታት ሕሊናቸውን ስተው ይቀራሉ። ከዚያ በ1984 እሳተ ገሞራ ይፈነዳና ቴሌትራን 1 የተባለው የመርከቧ ኮምፒውተር ይነቃል፤ የምድርን ተሽከርካሪዎች ቅርጽ የሚያጠና መሣሪያም ወደ ሰማይ ይልካል።

የመጀመሪያው ሳቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ የአውቶቦቶቹ ንብረት ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ጠግኖ የሚያስነሣው ስካይዋርፕ የተባለውን ጠላት ነው። እርሱም ጓደኞቹን በጥገናው ጨረር ፊት እያቀረበ ያስነሣቸዋል። ዲሴፕቲኮኖቹ ሁሉ ከነቁ በኋላ፣ ለሚሊዮን ዓመታት የተዋጓቸው ጠላቶቻቸው እግራቸው ሥር በድን ሆነው ተጋድመው እያዩ፣ አንዱንም ሳይነኩ ወጥተው ይሄዳሉ! ይህም አንሶ፣ ምክትሉ ስታርስክሪም ሲሄድ በእልክ ዞሮ ተራራውን ይተኩስበታል። ሐሳቡ ጠላቶቹን ለመቅበር ነበር፤ ነገር ግን ናዳው መርከቧን ያናውጣትና የኦፕቲመስ ፕራይም አካል ተንሸራቶ ልክ በጥገናው ጨረር ሥር ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የተከተሉት የካርቱኑ ክፍሎች በሙሉ፣ በአሜሪካው ዝግጅት በጠቅላላው 98 ናቸው፣ ማንም ባላዘዘው በዚያ አንድ ተኩስ ላይ የቆሙ ናቸው።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ስለ ሜጋትሮን ነው። እንደ ቤት የገዘፈው ይህ የጦር መሪ መለወጥ ሲፈልግ ዋልተር ፒ38 የተባለ ሽጉጥ ይሆናል። ሽጉጥ ደግሞ ያለ ተኳሽ አይተኩስም፤ ስለዚህ ተጠምዝዞ ታጥፎ በሌላ ሰው መዳፍ ላይ ያርፋል። ያ ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ ማን ይሆን? ሥልጣኑን ሊነጥቀው እንደሚፈልግ በየደቂቃው ጮክ ብሎ የሚናገረው ስታርስክሪም ነው። አንድ መሪ ራሱን የጦር መሣሪያ አድርጎ፣ ቃታውን ለሚጠላው ምክትሉ የሚያስረክበው በምን ምክንያት ነው? ያ ግዙፍ አካልስ በምን መንገድ ነው ወደ መዳፍ የሚገባው?

ሌላም ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። ልጁ ስፓይክ ገና ጎረምሳ ሆኖ በባሕር ላይ በተተከለ የነዳጅ ማውጫ ከአባቱ ጋር ሲሠራ እናየዋለን። አባቱ ስፓርክፕላግ ደግሞ የነዳጅ ሠራተኛም፣ መካኒክም ነው፤ ታሪኩ ወደ በርማ የሩቢ ማዕድን ሲሻገርም በዚያው ማዕድን ውስጥ ድሮ ሠርቶ ያውቃል። ይህ ሰው ያልሠራበት ቦታ አለ?

ከእነዚህ ውስጥ በታሪኩ ውስጥ መልስ ያላቸው የትኞቹ ናቸው? ከአሠራር የመጡ ጉድለቶችስ?


ሻጋታና ቀለም፦

ጠያቂያችን፣ ስለ ሽጉጡ ያነሡት ጥያቄ የካርቱኑን ሁሉ አመጣጥ የሚገልጥ ስለሆነ ከሌላው አስቀድሜ እርሱን ልመልስ። የድሮ አሻንጉሊቶችን መሰብሰብ የምወድ ሰው ነኝ፤ የዚህ ስንጥቅ ምንጭ ከታሪኩ ጸሐፊ ጠረጴዛ ይልቅ በአሻንጉሊት ፋብሪካው ውስጥ እንደሚገኝ አምናለሁ።

ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በዚያ ዘመን እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት የአሻንጉሊት ዓይነቶች ነበሩት። አንዱ በ1980 የተጀመረው ዲያክሎን ነው። በዚህ ውስጥ ያሉት መኪናዎችና አውሮፕላኖች ከእውነተኛው ተሽከርካሪ ስድሳ ጊዜ ያህል አንሰው የተሠሩ ናቸው፤ የራሳቸው ሕይወት የላቸውም፣ የሚነዷቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ትናንሽ የሰው ቅርጾች ናቸው። ኦፕቲመስ ፕራይምና አብዛኞቹ የአውቶቦት መኪናዎች የመጡት ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው በ1983 የወጣው ማይክሮ ቼንጅ ነው። የዚህኛው ሐሳብ ፍጹም የተለየ ነበር፤ በሰው ቤት ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ትናንሽ ሮቦቶች የቤት ዕቃ መስለው ይቀመጣሉ፤ የሚመስሉትም ዕቃ በእውነተኛው መጠኑ ነው። ካሴት ማጫወቻው የእውነተኛ ካሴት ማጫወቻ ያህላል፣ ሽጉጡም የእውነተኛ ሽጉጥ ያህላል። ካሴት ማጫወቻ የሚሆነው ዲሴፕቲኮን ሳውንድዌቭና ሜጋትሮን የተወለዱት እዚህ ነው። ባምብልቢም ከዚሁ ወገን ነው፤ የተሠራው ልጆች የሚጫወቱባትን ትንሽ መኪና በእውነተኛ መጠኗ እንዲመስል ነበር፤ ያ ድቡልቡል አካሉም ከዚያ የመጣ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ቤቱ ሜጋትሮን ምንም ስንጥቅ አልነበረበትም። ትንሽ ሮቦት ነበር፣ ትንሽ ሽጉጥም ይሆናል፤ መጠኑ አይለወጥም። ችግሩ የተፈጠረው ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሁለቱንም ዓይነቶች ፈቃድ አግኝቶ በ1984 በአንድ ስም ሲሸጣቸው ነው። ከእውነተኛው መኪና ስድሳ ጊዜ ያነሰውና ከእውነተኛው ዕቃ እኩል የሆነው በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቁመታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ማንም ልዩነቱን አያይም። ካርቱን ሲሠራላቸው ግን መኪናው እውነተኛ መኪና ያህል መሆን ነበረበት፤ ከእርሱ ጋር የሚታገለው ሜጋትሮንም በዚያው ልክ አደገ። ካደገ በኋላ ሽጉጥ ሲሆን እንደገና ማነስ ግድ ሆነበት። በአንድ ትዕይንት የሮቦት እጅ የሚሞላ ሽጉጥ ሆኖ፣ በሌላው በሰው መዳፍ የሚያዝ የሚሆነው ሠዓሊው ለዚያ ሥዕል የሚመቸውን መጠን እየመረጠ ስለሚስለው ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ሳቄ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ፤ ምክንያቱም ዓለምን ሊገዛ የተነሣው ጨካኝ ገዢ በአመጣጡ ከመሳቢያ ውስጥ የሚደበቅ ዕቃ ነበር።

ሌሎቹ ጥያቄዎችዎም ከዚሁ ምንጭ ይፈሳሉ። በ1984 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በልጆች ቴሌቪዥን ላይ የነበረውን የማስታወቂያ ጊዜ ገደብ አንሥቶ ነበር፤ አሻንጉሊት ለመሸጥ የሚሠሩ ካርቱኖችም በዚያ ሰሞን በዙ። ጸሐፊዎቹ ለገበያ የቀረቡትን ሮቦቶች ሁሉ በሦስት ክፍል ውስጥ ማስተዋወቅ ነበረባቸው። ሮቦቶቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ በየዓረፍተ ነገሩ ስም የሚጠሩትም ልጁ ወደ መደብር ሲሄድ የማንን ስም እንደሚጠይቅ እንዲያውቅ ነው። ዲሴፕቲኮኖቹ የተኙትን አውቶቦቶች ቢያጠፏቸው ኖሮ ግማሹ መደርደሪያ በመጀመሪያው ቀን ይሞት ነበር።

ሽጉጡ ራሱ ኋላ ላይ ሌላ መከራ ገጥሞታል። አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ እውነተኛ የሚመስሉ የመጫወቻ ሽጉጦች መለያ ምልክት እንዲኖራቸው ተገደዱ፤ በ1993 ሜጋትሮን በአዲስ አሻንጉሊት ሲመለስ ታንክ ሆኖ ነበር። ታንክ ደግሞ ራሱን ችሎ ይሄዳል፣ ራሱም ይተኩሳል፤ ስለዚህ ጠያቂያችን የጠየቁት ጥያቄ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በፋብሪካው መልስ አግኝቷል ለማለት እደፍራለሁ።


ባለ ሁለት ስለት፦

ወንድሜ ሻጋታና ቀለም ያቀረበው ታሪክ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር ለፋብሪካው ሰጥተን ከታሪኩ ውስጥ የሚገኘውን ደስታ እንዳንጥለው እሠጋለሁ። አሻንጉሊቱ ሜጋትሮን ሽጉጥ የሆነበትን ምክንያት ይነግረናል፤ ስታርስክሪም ተኳሽ የሆነበትን ምክንያት ግን አይነግረንም። ሳውንድዌቭ ታማኝ ነው፣ እጅም አለው። ሜጋትሮን ሁልጊዜ በእርሱ እጅ መግባት ይችል ነበር።

እንዲያውም ነገሩ ከዚህ የባሰ ነው። በመክፈቻው ላይ ሜጋትሮን ሳይበርትሮንን ለቅቆ ሲሄድ ጠባቂ አድርጎ የሚተወው ሾክዌቭን ነው። ሾክዌቭ እስኪመለሱ ድረስ ፕላኔቷን እንደነበረች እንደሚጠብቅ ቃል ይገባል፤ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በኋላ በሚመጡት ክፍሎች ስናየውም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ታማኝነት ቆሞ እናገኘዋለን። እንግዲህ ይህ መሪ ለዘላለም የሚታመነውን ሰው ቤት አስቀምጦ፣ በየጠዋቱ የሚከዳውን ሰው አስከትሎ ጦርነት ወጣ ማለት ነው! እኔ ይህን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ» የሚለው አባባል ትዝ ይለኛል፤ ልዩነቱ ሜጋትሮን እባቡን በየክፍሉ ለማሳየት እጁን መዘርጋቱ ነው።

እኔ ግን በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር ከልቤ አምንበታለሁ። ሜጋትሮን የሚታየው ትዕቢተኛ ሆኖ ነው፤ ትዕቢተኛ ሰው ደግሞ ከሚንቀው ሰው አደጋ ይመጣብኛል ብሎ አያስብም። ስታርስክሪም ሽጉጡን በያዘ ቅጽበት አፈሙዙን አዙሮ ነገሩን መጨረስ የሚችል ይመስላል፤ ነገር ግን ሽጉጡ ራሱ ሜጋትሮን ነው፣ መተኮስ ካልፈለገ አይተኩስም። ስለዚህ ስታርስክሪም በዓለም ላይ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ አለቃውን ሊመታበት የማይችለውን አንዱን ብቻ ይዞ ይቆማል። ይህን አስባችሁ ያንን ትዕይንት እንደገና ብታዩት የሁለቱ ንትርክ ሁሉ በሽጉጡና በያዘው እጅ መካከል እንደተጨመቀ ታያላችሁ። ጸሐፊዎቹ ይህን አስበውበት ይሁን አይሁን እኔን አያስጨንቀኝም፤ በሥዕሉ ላይ አለ።

ስለ ተራራው ተኩስም ከጠያቂው ትንሽ እለያለሁ። ጠያቂው እንደ ጉድለት ቆጥሮታል፤ ለእኔ ግን የመክፈቻው ምርጥ ክፍል እርሱ ነው። ስታርስክሪም አንድም ቀን ትእዛዝ አክብሮ አያውቅም፣ ባለማክበሩም ጠላቶቹን ከሞት አስነሣ። ገጸ ባሕሪው ገና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተገልጧል።


ቅልጥ ዓለት፦

ሥነ ምድር ያጠናሁ በመሆኔ ስለ 4 ሚሊዮኑ ዓመት ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ቁጥሩን በምናውቀው እንለካው። በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ ላይ የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት፤ በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ኦፕቲመስ ፕራይም ወደ ምድር የወደቀው እንግዲህ ከአርዲ በኋላ፣ ከድንቅነሽ በፊት ነው። ድንቅነሽ በአፋር ስትራመድ እነ ሜጋትሮን በሌላኛው የዓለም ጫፍ ለ800,000 ዓመታት ያህል ተጋድመው ነበር። ይህን ሳስብ በጣም እደሰታለሁ፤ ካርቱኑን ለእህቶቼ ልጆች ሳሳይ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር ነው።

አሁን ወደ ተራራው እንምጣ። መርከቧ የተላተመችው ከአንድ ተራራ ጋር ነው፤ ከ4 ሚሊዮን ዓመታት በኋላም ያው ተራራ እሳተ ገሞራ ሆኖ ይፈነዳል፤ የመርከቧ የኋላ ክፍልም ከተራራው ጎን ወጥቶ እንደተሰካ ይታያል። እንደዚህ ያሉ ሾጣጣ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ግን እንደዚያ ረጅም ዕድሜ የላቸውም፤ ብዙውን ጊዜ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ይገነባሉ፣ ይፈርሳሉ፣ ይጠፋሉ። ካርቱኑ ከመውጣቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሜይ 18 ቀን 1980፣ በዋሽንግተን ግዛት የፈነዳውን ሴንት ሄለንስ ተራራ ብንወስድ፣ በዚያ ቦታ ያለው የእሳተ ገሞራ እንቅስቃሴ በሙሉ ዕድሜው ከ300,000 ዓመት አይበልጥም፤ ከፍንዳታው በፊት የነበረው ውብ ሾጣጣ ጫፍ ደግሞ በአብዛኛው ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት የተገነባ ነበር። በአንድ ጠዋት ብቻ 400 ሜትር ያህል ከቁመቱ አጥቷል። የካርቱኑ አዘጋጆች ተራራውን በስም አይጠሩትም፤ በዚያው ዓመት የወጣው የማርቭል የሥዕል መጽሔት ግን ሴንት ሂላሪ ብሎታል፤ ስለዚህ የዚያ ፍንዳታ ትዝታ በአእምሯቸው እንደነበረ እገምታለሁ።

የመርከቧ ጅራት ከተራራው ጎን እንደወጣ መቆየቱማ ፈጽሞ የማይሆን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ዝናብ፣ በረዶና ወንዝ ተራራውን ሸርሽረው ያወርዱታል፤ ወይም አመድና አለት ከላይ ተከምሮ መርከቧን ይውጣታል። የድንቅነሽ አጥንቶች ራሳቸው የተገኙት በደለል ተቀብረው ከቆዩ በኋላ መሸርሸር ገልጦ ስላወጣቸው ነው። መርከቧ ሳትቀበርም ሳትገለጥም፣ እንደ ወደቀች መቆየቷ ከሮቦቶቹ መለዋወጥ ይልቅ የሚያስገርመኝ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ለአዘጋጆቹ መስጠት ይገባል። ቅልጥ ዓለት ከምድር ሲወጣ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ700 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ብረት የሚቀልጠው ደግሞ በ1,538 ዲግሪ ነው። ስለዚህ መርከቧ ከእሳተ ገሞራው ሙቀት ሳትቀልጥ መትረፏ የሚቻል ነገር ነው። አሉሚኒየም ብትሆን ግን አበቃላት፤ እርሱ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል።


ኩብ ሜትር፦

እኔ በውሃ ኃይል ማመንጫ ዙሪያ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ፤ የሸርማን ግድብን ትዕይንት ማንም ስላላነሣው ላንሣው። በእኔ እምነት ከመክፈቻው ሁሉ አስቂኙ እርሱ ነው።

ዲሴፕቲኮኖቹ ግድቡን ይይዙና የሚመነጨውን ኃይል ኤነርጎን ወደሚባሉት የሚያበሩ ሣጥኖች ይሞላሉ። ሜጋትሮን ግን መጠኑ አንሶበት፣ ራምብል የተባለው ትንሹ ሮቦት የወንዙን ወለል እየደበደበ ማዕበል እንዲያስነሣ ያዘዋል፤ ውሃው በኃይል ሲመጣ ኤሌክትሪኩ ይጨምራል ማለቱ ነው። ይህ በየትኛውም ግድብ ላይ አይሠራም። ተርባይን የሚያመነጨው ኃይል የሚወሰነው በውስጡ በሚያልፈው ውሃና ውሃው በሚወድቅበት ከፍታ ነው። የሚያልፈው ውሃ መጠን ደግሞ በመግቢያው ቢላዎች ይገደባል፤ ጄኔሬተሩም ሊሸከም የሚችለው የተወሰነ ነው። ከፍታው 100 ሜትር በሆነ ግድብ ላይ የ5 ሜትር ማዕበል ቢመጣ ከፍታው ለጥቂት ሴኮንዶች በመቶ አምስት ይጨምራል፤ ከዚያ ማዕበሉ ይመለሳል። የተረፈው ውሃ በጎርፍ ማስተንፈሻው በኩል ይሄዳል፤ የግድቡን አናት አልፎ ከፈሰሰ ደግሞ አደጋ ነው። ራምብል ያን ያህል ደክሞ ያተረፈው ጎርፍ ብቻ ነው።

ሌላው የሚያስቀኝ የጉዞው ቅደም ተከተል ነው። ዲሴፕቲኮኖቹ ወደ ግድቡ የመጡት ከነዳጅ ማውጫው በኋላ ነው። አንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ፣ ማለትም 159 ሊትር፣ ሲቃጠል ወደ 1,700 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። አንድ ኩብ ሜትር ውሃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚሰጠው ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓትን በጥቂቱ የሚያልፍ ነው። ስለዚህ በአንድ በርሜል ውስጥ ያለውን ያህል ጉልበት ከዚህ ግድብ ለማግኘት ከ6,000 ኩብ ሜትር በላይ ውሃ መውደቅ አለበት። ለሚቸኩል ወራሪ ነዳጁ ይሻለው ነበር። ከግድቡ ቀጥሎ የሚሄዱበት የሩቢ ማዕድን ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ ሩቢ በ1960 ለመጀመሪያው ሌዘር ማገልገሉ እውነት ነው፣ ነገር ግን ሌዘሩ የሚያበራው ከውጭ ብርሃን ሲረጭበት ነው፤ ድንጋዩ በራሱ ያጠራቀመው ምንም ኃይል የለም።

ጠያቂያችን ስለ ሽጉጡ መጠን ላነሡትም በስሌት ልጨምር። ሜጋትሮን 20 ቶን ይመዝናል ብለን እንነሣ፤ ለዚያ ለሚያህል የብረት አካል የተጋነነ ግምት አይደለም። ዋልተር ፒ38 ሽጉጥ ከአንድ ኪሎ ግራም ያነሰ ሲሆን ብረቱ የሚይዘው ቦታ ከ120 ኩብ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ያ ክብደት ሳይጠፋ በዚያ ቦታ ቢታጨቅ እያንዳንዱ ኩብ ሴንቲ ሜትር 167 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በምድር ላይ ካሉት ንጥረ ነገሮች እጅግ ጥቅጥቅ ያለው ኦስሚየም በኩብ ሴንቲ ሜትር 22.6 ግራም ብቻ ነው። ሜጋትሮን ከእርሱ ሰባት ሺህ ጊዜ በላይ ይጠቀጠቃል ማለት ነው፤ ነጭ ድንክ ወደሚባሉት እጅግ ጥቅጥቅ ያሉ የከዋክብት ቅሪቶች ይጠጋል። ስታርስክሪም ይህን ሽጉጥ በአየር ላይ ሲቀልበው ክንዱ አለመገንጠሉ ለእኔ ከክህደቱ ሁሉ በላይ የሚደነቅ ነው!


የካሴት ዘመን (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ መርከቧ በአርዲና በድንቅነሽ መካከል መውደቋን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ለቤተሰቤ ሁሉ ነገርኳቸው። ባለ ሁለት ስለት ስለ ስታርስክሪም ተኩስ ያሉትንም ተቀብያለሁ፤ ያ ትዕይንት ስንጥቅ ሳይሆን መሠረት ነው።

ለሻጋታና ቀለም ግን ሁለት ነገሮች ልጨምር። ኦፕቲመስ ፕራይም ከጭነት መኪና ወደ ሮቦት ሲለወጥ ከኋላው ይጎትት የነበረው ትልቁ ተጎታች ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ መኪና ሲመለስ ተጎታቹም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከኋላው ይገኛል። ሦስቱ የዲሴፕቲኮን አውሮፕላኖችስ ለምን ቀለማቸውን ይለዋወጣሉ?


ሻጋታና ቀለም፦

ተጎታቹ የትም አይሄድም፤ ከሥዕሉ ውጭ ይሆናል። ኦፕቲመስ ፕራይም በዲያክሎን ዘመኑ ባትል ኮንቮይ የሚባል አሻንጉሊት ነበር፤ ሮቦት የሚሆነው የፊቱ ጋቢና ብቻ ነው። ተጎታቹ ከሮቦቱ አካል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሲከፈት ለብቻው የጦር ሰፈር ይሆናል፣ በውስጡም ትንሽ ተሽከርካሪ አለ። ልጁ ሮቦቱን በእጁ ሲለውጥ ተጎታቹን ወለሉ ላይ ይተወዋል። ካርቱን ሠሪዎቹም ያንኑ አደረጉ፤ ወለሉን ማሳየት ብቻ ረሱ። በጃፓን ካርቱኑ በ1985 ሲታይ ኦፕቲመስ ፕራይም ኮንቮይ የሚለውን የአሻንጉሊት ስሙን እንደያዘ መቀጠሉም ከየት እንደመጣ ይመሰክራል።

የአውሮፕላኖቹ ነገር ይበልጥ ቀላል ነው። ስታርስክሪም፣ ተንደርክራከርና ስካይዋርፕ ከአንድ ሻጋታ የወጡ ኤፍ 15 አውሮፕላኖች ናቸው፤ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ የሚለያቸው ቀለም ብቻ ነው። ሥዕሉን በብዛት የሠራው በጃፓን የሚገኘው ቶዬ ሲሆን በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ሥዕል በግልጽ ፕላስቲክ ላይ በእጅ ይቀባ ነበር። ሠዓሊው በችኮላ ጥቁሩን ቀለም ከሰማያዊው ካምታታ በዚያች ቅጽበት አንዱ ሌላውን ይሆናል፤ ድምፁ ግን አስቀድሞ አሜሪካ ውስጥ ተቀርጾ ስላለቀ የአንዱ ድምፅ ከሌላው አፍ ይወጣል። በድምፁም ክፍል የሰው እጥረት ነበር። ስታርስክሪምን የሚናገረው ክሪስ ላታ ስፓርክፕላግንም፣ ከአውቶቦቶቹ አንዱ የሆነውን ዊልጃክንም ይናገራል። ስለዚህ ዲሴፕቲኮኖቹ የነዳጅ ማውጫውን ሲያጠቁ የሚጮኸው ሠራተኛና የሚያጠቃው አውሮፕላን አንድ ሰው ናቸው።

ጠያቂያችን ስለ ስፓርክፕላግ ሥራ ብዛት የጠየቁትም በዚህ ይመለሳል ብዬ አስባለሁ። ታሪኩ በተዘዋወረበት ቦታ ሁሉ አዲስ የሰው ገጸ ባሕሪ ከመፍጠር፣ ያለውን አንድ ሰው ባሕሩንም ማዕድኑንም እንዲያውቅ ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል።

ለሚቀጥለው ውይይት የኮንስትራክቲኮኖቹን አመጣጥ እንድናነሣ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ «ሄቪ ሜታል ዎር» በተባለው ክፍል እነዚህ የግንባታ ማሽን ሮቦቶች በምድር ዋሻ ውስጥ በዲሴፕቲኮኖች እንደተሠሩ ይነገረናል። በሁለተኛው ምዕራፍ «ዘ ሲክሬት ኦቭ ኦሜጋ ሱፕሪም» ላይ ግን ከብዙ ዘመናት በፊት በሳይበርትሮን ላይ የግዙፉ አውቶቦት የኦሜጋ ሱፕሪም ወዳጆች እንደነበሩና ሜጋትሮን አእምሯቸውን በመሣሪያ ለውጦ ወደ ክፋት እንደወሰዳቸው እናያለን። ሁለቱንም ክፍሎች አይታችሁ ብትመጡ፣ ባለ ሁለት ስለት ከታሪኩ ውስጥ፣ እኔም ከፋብሪካው በኩል ሆነን እንከራከርበታለን።